የቆረጥኩት ድምፅ

ሰኞ፣ ህዳር 9 ቀን 2006 ዓ.ም.

ዛሬ የጽሕፈትና የኮፒ ቤቴ ገበያ መስሎ ዋለ። ሳዑዲ ሰው ማስወጣት ከጀመረች ሁለት ሳምንት አለፋት፤ መካነ ሰላም ውስጥ ደግሞ እዚያ ልጅ ወይ እህት የሌለው ቤት የለም። ማመልከቻ የሚያስጽፈውም፣ ኮፒ የሚያስነሳውም፣ ምንም ጉዳይ የሌለውም ብቅ እያለ "ምን ይላል ዛሬ ኢንተርኔቱ?" ይለኛል። ያገኘሁትን አነብላቸዋለሁ። አምስት ዓመት ጄዳ ኖሬ የተመለስኩ ነኝና ያልገባቸውን የሰፈር ስም አስረዳለሁ።

ከሰዓት በኋላ እትዬ ብርሀንነሽ መጡ። ቤታቸው በከላላ መንገድ ሁለት ሰዓት በእግር ያስኬዳል። ልጃቸው በዛች ጄዳ ከሄደች ዓመት ከአራት ወሯ ነው፤ ስልኳ ከጠፋ ሰባት ሳምንት። አዲስ አበባ ያለ የወንድማቸው ልጅ፣ ከውጭ አገር በሚተላለፍ የአማርኛ ሬዲዮ ላይ ድምጿን ሰማሁ ብሎ ደውሎላቸዋል። እዚያው ሳዑዲ መጠለያ ውስጥ ያሉ ሴቶች በስልክ የተናገሩበት ዝግጅት ነው። ከጣቢያው ድረ ገጽ ላይ ፈልጌ አገኘሁት። እስከ ፊታችን እሑድ ብቻ ይቆያል፤ ከዚያ በሌላ ይተካል። ማጫወት እንጂ ማውረድ አይቻልም።

ከፈትኩላቸው። ኔትወርኩ አንድ ቃል ያሰማና ሁለት ቃል ይውጣል። በመካከል አንዲት ቀጭን ድምፅ "እምዬን…" ብላ ተቋረጠች። እትዬ ብርሀንነሽ ከወንበሩ ተነሱ።

"እሷ ናት።"

"በአንድ ቃል፣ እትዬ?"

"ዘጠኝ ወር የተሸከምኳትን በአንድ ቃል ባላውቃት ምን እናት ነኝ?"

ድምጿን ቀድቼ እሰጥዎታለሁ አልኳቸው። ለሃሩንም እነግረዋለሁ፤ ታናሽ ወንድሜ አዲስ አበባ ነው፣ ከሥራ ሲወጣ ተመላሾቹ የሚያርፉበት ቦታ እየሄደ የአገራችንን ሰው ያፈላልጋል። እንዴት እንደሚቀዳ ገና አላውቅም። እቀዳለሁ ካልኩ ግን እቀዳለሁ።

በዛች ፓስፖርት አውጥታ የሄደችበትን ወረቀት የጻፍኩላት እኔ ነኝ። ለስንቱ ጽፌያለሁ። የተነገረኝን ነው የምጽፈው።

ረቡዕ፣ ህዳር 11

አምባቸው በፍላሽ አንድ ፕሮግራም አመጣልኝ። የመሰናዶ ትምህርት ቤቱ የኮምፒውተር መምህር ነው። ፕሮግራሙ ኦዳሲቲ ይባላል፤ ድምፅ ይቀዳል፣ የተቀዳውንም ያርማል።

"ስንት ነው?" አልኩት።

"ነፃ ነው። የሠሩት ሰዎች ማንም እንዲጠቀምበት ለቀውታል።"

"ነፃ ነገር አላምንም።"

"እንግዲያው ሻይ ጋብዢኝ፣ የተከፈለበት ይሁንልሽ።"

አሠራሩን ላሳይሽ አለ። ክፍል አለህ፣ ሂድ አልኩት። የተበላሸ ፕሪንተር ብቻዬን ፈትቼ የገጠምኩ ሴት ቀይ ቁልፍ መጫን አያቅተኝም። አዲስ ሸሚዝ ለብሷል፤ አንገትጌው አልተተኮሰም።

ሐሙስ፣ ህዳር 12

ቀዳሁ። አልተቀዳም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እትዬ ብርሀንነሽን ኮምፒውተሩ ፊት አስቀምጬ ሬዲዮውን ከፈትኩና ቀዩን ክብ ተጫንኩ። ሰማያዊው የድምፅ መስመር ይነሳ ይወድቅ ጀመር። ተሳካ ብዬ ኮፒ ላነሳ ወደ ፊት ለፊቱ ክፍል ወጣሁ። ተመልሼ ስሰማው የተቀዳው የጎረቤት ወፍጮ ነው። ወፍጮ፣ የመኪና ጥሩምባ፣ ከሩቅ እንደ ትንኝ የምትጮህ ሬዲዮ። ለካ ፕሮግራሙ የሚቀዳው በማይክራፎኑ በኩል ነበር፤ ኮምፒውተሩ የሚያጫውተውን ትቶ ክፍሉን ነው የሰማው።

ከወፍጮው በላይ ግን አንድ ነገር ጠርቶ ይሰማል። እትዬ ብርሀንነሽ ማንም የማይሰማቸው መስሏቸው ይናገራሉ።

"በዛችዬ፣ አብሽሪ። ፈርሂያ ነገሩን ይዛዋለች። ያኔም ወረቀትሽን የጻፈች እሷ፣ አሁንም የምታገኝሽ እሷ። እንደ እህትሽ ናት። ያረቢ፣ አንተ ስጣት።"

ሁለት ጊዜ ሰማሁት። ይህ ቅጂ ለምንም አይጠቅምም፤ አጠፋዋለሁ። ነገ።

አርብ፣ ህዳር 13

አገኘሁት!

ኮምፒውተር ሁለት ጆሮ አለው። አንደኛው ወደ ውጭ ነው፤ ማይክራፎኑ። ሁለተኛው ወደ ውስጥ ነው፤ ራሱ የሚያጫውተውን የሚሰማበት። የውስጡ ጆሮ በኔ ማሽን ላይ ከጥንቱም ተዘግቶና ተደብቆ ኖሯል። ታች ሰዓቱ አጠገብ ያለችውን የድምፅ ማጉያ ምልክት በቀኝ በኩል ጠቅ ማድረግ፤ የመቅጃ መሣሪያዎችን ዝርዝር መክፈት፤ ባዶው ቦታ ላይ እንደገና በቀኝ ጠቅ አድርጎ የተዘጉትን አሳይ ማለት። ብቅ አለ። ስሙ "ስቴሪዮ ሚክስ" ይላል። ከፈትኩት። ከዚያ ኦዳሲቲ ውስጥ ማይክራፎን የሚለውን ወደ እሱ ቀየርኩ።

በሠርግ ዘፈን ሞከርኩት። ዘፈኑ ሲቀዳ አጨበጨብኩ፣ ሳልኩ፣ ወፍጮውም ይጮኻል። መልሼ ስሰማ ጭብጨባዬም የለ፣ ሳሌም የለ፤ ዘፈኑ ብቻ ጥርት ብሎ። ብቻዬን ሳቅሁ።

አምባቸው በደጅ ሲያልፍ "ገባኝ!" ብዬ ጮህኩበት። ማንንም ሳልጠይቅ ነው ያገኘሁት፤ እንዲያውቀው ብዬ ነው እንጂ ሌላ ነገር የለውም።

የትናንቱን ቅጂ አላጠፋሁትም። ጊዜ አላገኘሁም።

ቅዳሜ፣ ህዳር 14

ከሱብሂ ሶላት በኋላ ሱቁን ከፈትኩ። በዚያ ሰዓት ኔትወርኩን የሚሻማኝ ሰው የለም። ዝግጅቱ ሃያ ስድስት ደቂቃ ነው። መጀመሪያ ሙሉው እስኪጫን ጠበቅሁ፤ ከዚያ መቅጃውን አስነስቼ ማጫወት ጀመርኩ። መብራት እንዳትሄድ ዱዓ እያደረግሁ ነው የሰማሁት። አልሄደችም። አልሀምዱሊላህ።

የበዛች ክፍል አርባ አራት ሰከንድ ነው። እንዲህ ትላለች፦

"ስሜን አልናገርም። የወሎ ቦረና ልጅ ነኝ። ጄዳ አጠገብ ነን፣ ብዙ ነን። እምዬን ደህና ናት በሉልኝ። እግሬን አሞኝ ነበር፤ አሁን ቆሜ እሄዳለሁ። ስማቸው እየተጠራ የሚወጡ አሉ…" እዚህ ላይ ከጀርባዋ አንዲት ሴት ትጣራለች። ከዚያ በዛች "እኔም እደርሳለሁ፣ አታልቅሺ በሉልኝ" ብላ ትጨርሳለች።

መካከል ላይ ያለችው ጫጫታ ሁለት ሰከንድ ናት። ለእናት ጆሮ አትመችም። በመዳፊቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ መረጥኳትና ሰረዝኳት። ሁለቱ ጎኖች ገጠሙ፤ አሁን ያለ እንቅፋት ይሰማል። ሥራዬ ንጹሕ ነው።

ያልተቆረጠውን ለብቻው አስቀምጬዋለሁ። ማስቀመጥ ልማዴ ነው።

እሑድ፣ ህዳር 15

እትዬ ብርሀንነሽ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ መጡ። የጆሮ ማዳመጫውን አደረግሁላቸው። ሰሙ። ደገምኩላቸው። በሦስተኛው፣ "እግሬን አሞኝ ነበር" ስትል የገዛ ጉልበታቸውን ጨብጠው ያዙ።

"ስሜን አልናገርም ትላለች። ስሟ ምን አረጋት?"

"ፈርታ ነው እትዬ። ብዙዎቹ አይናገሩም።"

"ይሁን። ድምጿ ይበቃኛል።" ከዚያ ጎንበስ ብለው እጄን ሳሙኝ። የእናቴ እኩያ እጄን ሳሙኝ። ለማስለቀቅ ብጎትት እንኳ አልለቀቁኝም።

ለሃሩን ደወልኩለት። ማንን እንደሚፈልግ ነገርኩት፦ በዛች አስናቀው፣ ከቦረና።

ማክሰኞ፣ ህዳር 17

መብራት የለም። ሃሩን አልደወለም።

ሐሙስ፣ ህዳር 19

ሃሩን ደወለ። ሦስት መጠለያ ዞሯል። "ዝርዝሩን ሁሉ አየሁት፤ በዛች አስናቀው የምትባል የለችም። ሴቶቹ ክፍል ወንድ አያስገቡም፤ በር ላይ ቆሜ ስሟን ስጣራ ነው የዋልኩት።"

"ደግመህ እይ" አልኩት።

ማታ አባቴ ሸህ አሕመድኑር፣ የሚያቀሯቸው ልጆች ቁርአናቸውን ጠቅልለው ከሄዱ በኋላ ጠሩኝ።

"ያቺ የብርሀንነሽ ልጅ ተገኘች?"

"ስሟ ዝርዝሩ ላይ የለም አባ።"

"ሱብሃነላህ። ሰው ያለ ስም ባሕር ይሻገራል?" አሉ። እኔም ሥራ አለኝ ብዬ ተነሳሁ።

እንደኔ ማንም አልደከመላትም። ይህን ማንም ይመሰክራል።

ሰኞ፣ ህዳር 23

አምባቸው ቅጂውን ልስማው አለኝ። ሰማና "ወላሂ፣ ይህን ለተማሪዎቼ ብታስተምሪልኝ" አለ። ክርስቲያን ሆኖ ወላሂ ሲል ያምርበታል። ደስ አለኝ። ከዚያ የድምፁን መስመር አስፍቶ ማየት ጀመረ፤ ጣቱንም ሠላሳ አንደኛው ሰከንድ ላይ አሳረፈ።

"እዚህ ጋ ተቆርጧል።"

"ጫጫታ ነበር።"

"ጫጫታ ቢሆን ዝቅ ታደርጊዋለሽ። እዚህ ትንፋሽ መሳብ ትጀምራለች፤ ሳትጨርሰው ትናገራለች። ምን ነበር የተባለው?"

"አንተ ሥራህን ሥራ፣ እኔም ልሥራ።"

ጣቱን ከመስመሩ ላይ አነሳ። ከዚያ ወጣ። ፍላሹን ጠረጴዛው ላይ ረስቶታል፤ ወይም አልረሳውም።

ሐሙስ፣ ህዳር 26

ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ሁለት ሴቶች ሲያወሩ ሰማሁ። "ድምፅ አለ ይላሉ፤ ስም ግን የለም። ፈርሂያ ከኮምፒውተሯ ያበጀችው ይሆናል፣ ምን ይታወቃል።" "ተይ፣ ሰው ይሰማሻል።" ከበሩ እስክገባ ድረስ ጀርባዬ ተቃጠለ።

ሃሩን እንደገና ደወለ። "አንቺ ልጅ፣ እዚህ ያሉት ሰዎች አንድ ነገር ነገሩኝ። ሰው የሚገኘው በጉዞ ወረቀቱ ላይ ባለው ስም ብቻ ነው። ብዙዎቹ በሌላ ስም ነው የሄዱት። የበዛችን የሚያውቅ ሰው የለም?"

"እጠይቃለሁ" አልኩት።

እጠይቃለሁ! ማንን?

ቅዳሜ፣ ህዳር 28

እጽፈዋለሁ። ካልጻፍኩት አፌ ላይ አይመጣልኝም።

ሰኔ 2004 ነው። ልጆች ወደ ሳዑዲ የሚልከው ደላላ በዛችን ይዟት መጣ። ስምንተኛን የጨረሰች የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ። "ሃያ አምስት አድርጊያት። የሙስሊም ስም ስጫትና ቶሎ ያልቅላታል" አለኝ። የትኛውን ስም ስለው "የፈለግሽውን" አለ። ሀዲያ ጀላል አልኩ። እንግዲህ የተነገረኝን ነው የጻፍኩት ስል የኖርኩት ሐሰት ነው። ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ።

በዛች ፈራች። "ፈርሂዬ፣ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ሀዲያ ብለው ሲጠሩኝ ብረሳስ?" አለችኝ። አትረሺም አልኳት። ሦስት ቀን እየመጣች እዚሁ ወንበር ላይ አስለመድኳት። ጀርባዋን ሰጥታኝ ሻይ ስትጠጣ ድንገት "ሀዲያ!" እላታለሁ። ካልዞረች እንደገና። በሦስተኛው ቀን ገና አፌን ስከፍት "አቤት!" አለች። ተሳሳቅን። ጎበዝ ብዬ ከጄዳ ያመጣሁትን አረንጓዴ ሻርፕ ሰጠኋት። ስለ ጄዳም ሱቆቹን፣ መብራቱን፣ ባሕሩን ነገርኳት። በሩ ተቆልፎብኝ ስለነበረባቸው ወራት አልነገርኳትም፤ ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ሁለቱ ሰከንዶች ውስጥ ያለው ይኸው ነው። ሴትዮዋ "ሀዲያ!" ትላለች። በዛች "አቤት!" ትላለች። እኔ ባስለመድኳት ፍጥነት።

እትዬ ብርሀንነሽ ይህን ቢሰሙ የኔ ልጅ አይደለችም ብለው ተስፋ ይቆርጣሉ ብዬ ነው የቆረጥኩት፤ ለራሴ የነገርኩት ይህንን ነው። እውነቱ ግን ማን ይህን ስም ሰጣት ብለው እንዳይጠይቁኝ ነው።

ለአባቴ ነገርኳቸው። መቁጠሪያቸውን አላቋረጡም።

"ለኔ ለምን ትነግሪኛለሽ?"

"ምን ላድርግ አባ?"

"እኔ የልጅቷ እናት አይደለሁም። ስም አማና ነው፤ የተቀበልሽውን ለባለቤቱ መልሽ። ነገ በጠዋት ጫማሽን አድርጊ።"

እሑድ፣ ህዳር 29

ያልተቆረጠውን ድምፅ ሞባይሌ ላይ ጭኜ በከላላ መንገድ ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ የምለውን እያዘጋጀሁ ነበር። ስደርስ ሁሉም ጠፋኝ።

እትዬ ብርሀንነሽ ደጃቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ሲያዩኝ በደስታ ተነሱ። "ተገኘች?"

"ይስሙኝ እትዬ። ያሰማሁዎት ሙሉው አልነበረም።"

ስልኩን ጆሯቸው ላይ ያዝኩላቸው። "ሀዲያ!" ሲል ጆሯቸውን ይበልጥ ወደ ስልኩ አስጠጉ። "አቤት!" ሲል ፊታቸው ተለወጠ።

"ሀዲያ ሲሏት አቤት አለች። እንግዲያው የኔ አይደለችም?"

"የእርስዎ ናት። በዛች ናት። የሄደችው በዚያ ስም ነው። ሀዲያ ጀላል ተብላ፣ ዕድሜዋም ሃያ አምስት ተብሎ።"

"ማን አላት?"

"እኔ። ወረቀቱንም የጻፍኩት፣ ስሙንም ያወጣሁት፣ ሲጠሯት አቤት እንድትል ያስለመድኳትም እኔ ነኝ። ይቺንም ከቅጂው የቆረጥኳት እኔ ነኝ።"

እንደገና አሰሚኝ አሉ። አሰማኋቸው። እንደገና። ከዚያ ስልኩን በገዛ እጃቸው ዝቅ አደረጉት።

"አሥራ አምስት ቀን" አሉ። "የምትጠራበትን እያወቅሽ አሥራ አምስት ቀን ከኔ ጋር ስትፈልጊ ኖርሽ።"

"አዎ።"

"እጅሽን ስሜሻለሁ።"

"አዎ እትዬ።"

አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር። "ስሙን ወረቀት ላይ ጻፊልኝ" አሉ።

"ማንበብ አይችሉም፤ እኔው አብሬዎት ሄጄ…"

"የሚያነብልኝ ሰው አላጣም። አንቺ አይደለሽም እንጂ።"

ጻፍኩላቸው። ኮረብታው ላይ ስወጣ ኔትወርክ አገኘሁና ለሃሩን ደወልኩ። ሰላምታ እንኳ ሳልሰጠው ስሙን ነገርኩት።

ሐሙስ፣ ታህሳስ 3

ተገኘች። አዲስ አበባ ከገባች ሁለት ሳምንት ሆኗታል! ህዳር 18 ነው የገባችው። እግሯ መግል ይዞ ትኩሳት እያቃዣት ስለነበር የታመሙት ክፍል አስተኝተዋታል። የያዘችው ቁጥር ከስልኳ ጋር ጠፍቷል። አልጋዋ ላይ የተለጠፈው ሀዲያ ጀላል ይላል፤ የሀዲያን ቤተሰብ ሲፈልጉ ነበር፤ ሃሩን ደግሞ በር ላይ ሆኖ በዛችን ይጣራል።

"ሁለቴ መጥቼ ተመልሻለሁ" አለኝ። "ከአልጋዋ እስከ በሩ ሃያ እርምጃ አይሆንም።"

አሁን ትኩሳቱ ለቋታል፤ እግሯም ይተርፋል ብለዋል። እትዬ ብርሀንነሽ ማክሰኞ በለሊቱ አውቶቡስ ሄደዋል። ወረቀቱን ያነበበላቸው፣ መኪናም ያሳፈራቸው አምባቸው መሆኑን ዛሬ ሰማሁ። ስለዚህ ያውቃል። ዛሬ ሱቁ ሳይመጣ ዋለ።

ባልቆርጠው ኖሮ፣ በማግስቱ ስሙን ለሃሩን ብነግረው ኖሮ፣ ገና ስትገባ ሰው ይቀበላት ነበር። ይህን ማስላት አያስቸግርም። ብዙ ጊዜ አስልቼዋለሁ።

ረቡዕ፣ ታህሳስ 9

አውቶቡሱ አሥር ሰዓት ላይ ገባ። መናኸሪያ ሄድኩ፤ ግን ከሰዉ ራቅ ብዬ የሻይ ቤቱን ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። እናትየዋ ቀድመው ወረዱ፤ ከዚያ በዛች፣ አንድ እጇ ክራንች ላይ። ከስታለች። አድጋለችም። ጎረቤቶቿ እልል አሉ።

ልሄድ ስዞር አየችኝ። እያነከሰች መጣች። እትዬ ብርሀንነሽ አልከለከሏትም፤ አብረዋትም አልመጡም።

"አንቺ ነሽ አሉ ያገኘሽኝ" አለችኝ።

"የጠፋሽውም በኔ ነው።"

"አውቃለሁ" አለች። "እምዬ ሁለቱንም ነገረችኝ።"

ይቅር በይኝ አልኳት። ሰማችኝ። "እግሬን አመመኝ፣ ልቀመጥ" አለችኝ። ከሻይ ቤቱ ወንበር አወጣሁላት። ተቀመጠች። ሁለታችንም ጄዳን የምናውቅ ሰዎች ነን፤ ለአፍታ ያህል ሰው ሲተላለፍ እያየን ጎን ለጎን ቆየን። ከዚያ እናቷ "ልጄ" ብለው ጠሩ፤ ሄደች።

ሰኞ፣ ታህሳስ 14

ከአርብ ጀምሮ ማሽኔን ስፈትሽ ነበር። ከ2003 እስከ 2005 የጻፍኳቸው ወረቀቶች ሁሉ አሉ። ማስቀመጥ ልማዴ ነው ብዬ የለ? በሌላ ስም የጻፍኩላቸው አሥራ ሰባት ሴቶች ናቸው። አሥራ ሰባት። ትክክለኛ ስማቸውን ከየት አመጣለሁ ብዬ ነበር፤ አንዳቸውንም አልረሳሁም፣ አብዛኞቹ እዚሁ ሻይ የጠጡ ናቸው።

ቅዳሜ ሁሉንም አትሜ ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። ቃሌን ሰጠሁ። አባቴ ዋስ ሆኑኝ። ጉዳዩ ገና ይታያል፤ ምን እንደሚወሰንብኝ አላውቅም። ለሃሩንም ዝርዝሩን አነበብኩለት፤ ሦስቱን ወዲያው አገኛቸው።

ደላላው ትናንት መጥቶ ጠረጴዛዬን በእጁ መታው። "አብደሻል? ራስሽን ነው የምታስሪው!"

"ይሆናል" አልኩት። "ኮፒው ፖሊስ ጋ ነው። አንተም ከፈለግህ አንድ ላንሳልህ።"

በሩን አላትሞ ወጣ።

ከዚያ በትልልቅ ፊደል አንድ ወረቀት ጻፍኩ፦ "በዚህ ቤት በሌላ ስም ወረቀት ተጽፎላቸው ሳዑዲ የሄዱ ልጆች ቤተሰቦች፣ መጥታችሁ የሄዱበትን ስም ውሰዱ። የጻፍኩት እኔ ነኝ። ፈርሂያ አሕመድኑር።" በሩ ላይ ስለጥፈው አምባቸው ከኋላዬ ቆሞ አነበበ። ነፋስ እንዳይገነጥለው የታችኛውን ጠርዝ በጣቱ ያዘልኝ፣ እኔ በፕላስተር አጣበቅኩ።

ዛሬ ጠዋት በሩን ስከፍት ዘጠኝ እናቶች ቆመው አገኘሁ። ወሬው በስልክ ደርሷቸው ገና ሳይነጋ ከወግዲ በኩል የተነሱም አሉ። አንዷ ረገመችኝ፤ ቆሜ ሰማኋት። ሌሎቹ ተራ ያዙ። የመጀመሪያዋ የሻለም የሚባሉ አዛውንት ሴት ናቸው። ወንበር ሰጠኋቸው፤ ኮምፒውተሩን አስነሳሁ።

"የልጅዎ ስም ማን ነው እትዬ?"

ግራ ተጋብተው አዩኝ። "የትኛውን ልንገርሽ?"

"እርስዎ ያወጡላትን።"

"እታገኘሁ" አሉ።

ጻፍኩ።